ማዳበሪያ ማለት ጆንያ ብቻ የሆነባት ሀገር

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው «ማዳበሪያ አምጣ» ቢባል ሮጦ የሚያመጣው ዩሪያ አይደለም፤ ባዶ የፕላስቲክ ጆንያ ነው። ከሰል የሚሞላበት፣ ድንች የሚጫንበት፣ የቀን ሠራተኛው አሸዋ የሚሸከምበት ያ ነጭ ጆንያ አንድ ቀን ዩሪያ ወይም ዳፕ ይዞ ከጅቡቲ ወደብ መጣና ስሙን ይዞ ቀረ። ይዘቱ መሬት ገብቶ ጠፋ፤ ስሙ ማሸጊያው ላይ ተለጥፎ ቀረ።

የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ችግሩ የግብርና ፖሊሲውም እንደዚሁ ማሰቡ ነው። በሚኒስቴሩ ሪፖርት፣ በክልሉ ዕቅድ፣ በወረዳው ስብሰባ «ማዳበሪያ» ማለት ጆንያ ነው። ስንት ኩንታል ተገዛ? ስንት መርከብ ጅቡቲ ደረሰ? ስንት ኩንታል ተሠራጨ? ጥያቄው እዚህ ይጀምራል፣ እዚሁ ያልቃል። ጆንያው የተራገፈበት አፈር ምን ላይ ነው? የተጨመረለትን ሥሩ ያዘው ወይስ ዝናብ ጠርጎ ወሰደው? ይህን የሚጠይቅ ሪፖርት ከስንት አንድ ነው።

ክርክሩ እንዲህ ነው። ኢትዮጵያ ለጆንያው በየዓመቱ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ትከፍላለች። ጆንያው ውስጥ ያለው ነገር ሥር ጋ ደርሶ እህል እንዲሆን የሚያግዙትን የአፈር ባክቴሪያዎች ግን ከበጀቷም፣ ከመጋዘኗም፣ ከዕቅዷም ዳር አስቀምጣለች። ሰበቡ ድህነት ነው እንዳይባል፣ ድሃ ርካሹን ያስቀድማል። እዚህ የተቀደመው ውዱ ነው።

🔹 ሥሩ አጠገብ ያለው ጎረቤት

ነገሩ ከሥሩ ይጀመር።

ተክልም እንደ ሰው ሆርሞን አለው። እ.ኤ.አ. በ1880 ቻርለስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ የሣር ቡቃያ ወደ ብርሃን የሚታጠፈው ከጫፉ በሚነሳ መልእክት መሆኑን አሳዩ። ጫፉን ሲሸፍኑት ቡቃያው መታጠፉን ተወ። በ1920ዎቹ ማብቂያ ላይ ኔዘርላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት መልእክቱ ኬሚካል መሆኑን አረጋገጠ። ያ ኬሚካል ኦክሲን ተባለ። ዋናው ኦክሲን ዛሬ ኢንዶል አሴቲክ አሲድ በሚል ስም ይታወቃል። ሥር የት ላይ ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ፣ ግንድ ወዴት እንደሚታጠፍ የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ነው።

ይህን ሆርሞን የሚሠራው ተክሉ ብቻ አለመሆኑ ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ። ሥር በየዕለቱ ስኳርና አሚኖ አሲድ ወደ አፈሩ ያንጠባጥባል። ከሚያንጠባጥባቸው መካከል ትሪፕቶፋን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ሥሩ ዳር የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ትሪፕቶፋኑን ተቀብለው ኦክሲን ያደርጉትና መልሰው ለሥሩ ይለቁለታል። ሥሩም መልእክቱን ከራሱ እንደመጣ ይቆጥረዋል። ቅርንጫፍ ያበዛል፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮቹን ያበዛል።

ባክቴሪያው ለተክሉ አዝኖ አይደለም ይህን የሚያደርገው። ሥሩ በበዛ ቁጥር የሚንጠባጠብለት ስኳር ይበዛል። ነገሩ ደቦ ነው፦ አንዱ ለሌላው የሚሠራው የራሱም ማሳ ስላለበት ነው።

ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ስሙ በጣም የታወቀው አዞስፒሪለም ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህ ባክቴሪያ ኦክሲን ብቻ ሳይሆን ጅብሪሊንና ሳይቶካይኒን የሚባሉትን የዕድገት ሆርሞኖችም እንደሚያመነጭ አሳይቷል። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ይሠራሉ። ተክል ድርቅ ወይም ጨዋማ አፈር ሲያስጨንቀው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያበዛል፤ ሙዝን የሚያበስለው ያው ጋዝ ነው። ኤትሊን ሲበዛ ሥር ማደጉን ያቆማል። አንዳንድ የአፈር ባክቴሪያዎች ኤትሊን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ እየበሉ ጭንቀቱን ያቀሉለታል። ዝናብ በሚቆራረጥበት ሀገር ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

አንድ ልዩነት እዚህ ላይ ይጥራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ቦሎቄና አኩሪ አተር ሥራቸው ላይ እባጭ አላቸው። እባጩ ውስጥ ሪዞቢየምና ዘመዶቹ የሆኑ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ወደ ምግብነት ይለውጣሉ። ይህ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ሳይንስ ነው። ባቄላ ያረፈበት መሬት ለከርሞው ገብስ እንደሚስማማ የሚያውቀው የደጋ ገበሬ ደግሞ ላቦራቶሪ ሳይኖረው ሲሠራበት ኖሯል። በቆሎ፣ ስንዴና ጤፍ ግን ይህ እባጭ የላቸውም። ለእነሱ የባክቴሪያው ዋና ውለታ ሆርሞኑ ነው።

በአጭሩ፦ ለባቄላ ባክቴሪያው ማዳበሪያ ያመርታል። ለበቆሎ ደግሞ የተገዛው ማዳበሪያ እንዳይባክን ሥር ያበዛል።

🔹 ከዝናብ ጋር የሚሄደው ዶላር

ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር በዶላር ትተርጎም።

ዩሪያ ማሳ ላይ ሲበተን ሰብሉ ሁሉንም አይወስደውም። በዓለም ደረጃ ሲሰላ ሰብል የሚይዘው ናይትሮጅን ከተጨመረው ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በታች ነው። የቀረው በጋዝ መልክ ወደ አየር ይሄዳል፣ ከዝናብ ጋር ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ወይም ሥር ወደማይደርስበት ጥልቀት ይሰርጋል። በኢትዮጵያ ተዳፋት ማሳዎች ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ከጅቡቲ በባቡርና በከባድ መኪና ተጓጉዞ፣ በዩኒየንና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር አልፎ ገበሬው እጅ የገባው ጆንያ ከፊሉ ጎርፍ ነው የሚቀልበው።

በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በጎርፍ የሚሄደው ማዳበሪያም በዚያው ልክ በብር ከብዷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2015 ዓ.ም ሰኔ የአማራ ክልል ገበሬዎች «ማዳበሪያ አጣን» ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ጮኸዋል። የዘር ወቅት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ያለፈ ሰኔ አይመለስም። አንድ መርከብ ሲዘገይ ወይም ከጥቁር ባሕር ማዶ ጦርነት ሲነሳ የጎጃም ገበሬ ምሳ የሚናጋበት ሥርዓት እንዲህ ዓይነት ነው።

ገበሬው ራሱ ስለ መሬቱ የሚናገረው አንድ ቃል አለ፦ «መሬቱ ማዳበሪያ ለመደ።» ባለሙያው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። መሬት ሱስ አይዝም ይላል። ፈገግታው ግን ያለቦታው ነው፤ ገበሬው ያየው እውነት ነው። የአሞኒየም ይዘት ያላቸው ማዳበሪያዎች ኖራ ሳይጨመርበት በየዓመቱ ሲደጋገሙ አፈሩን ያኮመጥጡታል። ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲድ የተጠቃ መሆኑ በመንግሥት ተቋማትም በተደጋጋሚ የተነገረ ነው። በዚያ ላይ ገለባው ለከብት ይሄዳል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ለአፈሩ የሚመለስለት የለም። የአፈር ባክቴሪያ የሚኖረው ደግሞ ከዚያ ከሚመለሰው ነው። ተርቦና ኮምጥጦ ባዶ በሆነ አፈር ላይ ጆንያ ማራገፍ፣ ሠራተኞቹ ለተበተኑበት ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ እንደማመላለስ ነው።

🔹 ብራዚል ምን አደረገች?

«ይህ ሁሉ የላቦራቶሪ ወሬ ነው» የሚል ካለ ወደ ብራዚል ይመልከት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቼኮዝሎቫኪያ ተሰድደው ብራዚል የገቡት ዮሃና ዶብራይነር ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት የአፈር ባክቴሪያ ላይ ነው። ብራዚል አኩሪ አተር በስፋት ልታመርት ስትነሳ የብዙዎቹ ምክር «እንደ ሌሎቹ ናይትሮጅን ማዳበሪያ ገዝተን እንጨምር» ነበር። እሳቸው «ባክቴሪያው ይሥራው» ብለው ተከራከሩ። ተሰሙ። ዛሬ ብራዚል በዓለም ቀዳሚዋ የአኩሪ አተር አምራች ናት፤ ለዚህ ሰብሏ የናይትሮጅን ማዳበሪያ የምትገዛው ከዜሮ ብዙም የማይርቅ ነው።

የእሳቸውን መንገድ የተከተሉት ማሪያንጄላ ሁንግሪያ በመንግሥታዊው የግብርና ምርምር ድርጅት፣ በኤምብራፓ፣ አዞስፒሪለምን ለበቆሎና ለስንዴ ከላቦራቶሪ አውጥተው ማሳ ላይ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጠው ለእሳቸው ነው። በ2009 ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በማሽላ ምርምራቸው የተሸለሙት ያው ሽልማት ማለት ነው። ሸላሚው ድርጅት እንዳስታወቀው የሁንግሪያ ሥራ ከ40 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ላይ ውሎ ለብራዚል ገበሬዎች በዓመት በቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ወጪ አድኗል።

ቁጥሩ አያስክር። የዚህ ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የአኩሪ አተር ነው። በበቆሎ ላይ የሚገኘው ልክ አለው። የሁንግሪያ ቡድን በ2010 ያሳተመው ጥናት በበቆሎ ከ24 እስከ 30 በመቶ የምርት ጭማሪ አሳይቶ ነበር። ኋላ ብዙ ሙከራዎች ሲደመሩ ግን አማካዩ ወደ ጥቂት በመቶ ይወርዳል። ቢሆንም ተመራማሪዎቹ አንድ ተግባራዊ ምክር ላይ ደርሰዋል፦ ዘሩ በባክቴሪያው ከታሸ፣ በቆሎ ላይ ኋላ የሚጨመረውን ናይትሮጅን በሩብ መቀነስ ይቻላል። ሩብ ጆንያ ለአንድ ገበሬ ትንሽ ናት፤ ለሀገር ሲደመር ስንት መርከብ እንደሚሆን ገንዘብ ሚኒስቴር ያስላው።

🔹 ዕውቀቱ እዚሁ ነበር

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ዕውቀት ከብራዚል መለመን አያስፈልጋትም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጤፍ ሥር ባክቴሪያ ለይተው ኦክሲን የሚያመነጩትን መርጠው ጤፍ ላይ ከሞከሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለባቄላና ለሌሎች ጥራጥሬዎች የሚሆኑ ባክቴሪያዎችን ሲለይና ሲያባዛ ኖሯል። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በቦሎቄ ላይ ሠርቷል። ኤን ቱ አፍሪካ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ከእነዚህ ተቋማት ጋር ሆኖ ገበሬዎች ማሳ ድረስ ወርዷል። መናገሻ ባዮቴክ የተባለ የግል ድርጅት ሕያው ማዳበሪያ በሀገር ውስጥ እያመረተ በፓኬት ይሸጣል።

ለአንድ ሄክታር የሚበቃው የጥራጥሬ ባክቴሪያ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሰው በኪሱ ይዞት መሄድ ይችላል። ዘሩ ጥላ ውስጥ በስኳር ውሃ ይርሳል፣ ዱቄቱ ይነሰነስበታል፣ ይታሻል፣ በዚያው ቀን ይዘራል። መርከብ፣ ወደብ፣ የባቡር ፉርጎ አይፈልግም።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም?

ምክንያቱ ባክቴሪያው ወገን ስለሌለው ነው። ጆንያው ጨረታ አለው፣ ኮሚቴ አለው፣ አስመጪ ኮርፖሬሽን አለው፣ አጓጓዥ አለው፣ መጋዘን አለው፣ ብድር አለው፣ ድጎማ አለው፣ ኮታ አለው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወረዳ ሲጠራ የሚጠየቀው «ስንት ኩንታል አሠራጨህ?» ተብሎ ነው። «የስንት ገበሬ ባቄላ እባጭ አወጣ?» ያለው አለቃ ቢኖር ኖሮ ያንን ይዞ ይሮጥ ነበር። ሰው የሚሠራው የሚጠየቅበትን ነው። ከፓኬቱ የሚገኝ ትርፍ ትንሽ ነው፤ ለትንሽ ትርፍ ደግሞ በስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ የለም። ርካሽነቱ ለገበሬው በረከት፣ ለራሱ ግን እርግማን ሆነበት።

🔹 የጠርሙስ ነጋዴዎች

እስካሁን ያነበበ አንድ የጠርሙስ ነጋዴ ደስ ብሎት ሊሆን ይችላል። ቸኩሏል፤ ተራው አሁን ነው።

ፓኬቱ የሚገባው ቦታ ባዶ ሲሆን ቦታውን የሚይዘው «ተአምረኛ ፈሳሽ» ነው። በቲክቶክና በቴሌግራም ይታወጃል፦ በአንድ ሳምንት ሰብል የሚያፈነዳ፣ ማዳበሪያ የሚያስረሳ፣ «የዕድገት ሆርሞን» ያለበት ጠርሙስ። የትኛው ባክቴሪያ እንዳለበት አይጻፍም። ስንት ሕያው ሕዋስ እንዳለው አይጻፍም። መቼ እንደሚሞት አይጻፍም። ባክቴሪያ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከርሞ የሞተ ባክቴሪያ የተከደነ ጭቃ ነው።

«ሆርሞን ነውና ቢበዛ ይጠቅማል» የሚለውም ትልቅ ውሸት ነው። ገበሬው ምስክር አያስፈልገውም፣ ቱ ፎር ዲን ያውቀዋል። ስንዴና ጤፍ ውስጥ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚያደርቀው ያ መድኃኒት በላቦራቶሪ የተሠራ ኦክሲን ነው። አረሙን የሚገድለው በሆርሞን አጥለቅልቆ ነው፤ አረሙ ይጠማዘዛል፣ ያለ ቅጥ ያድጋል፣ ይሞታል። በ1926 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ኢይቺ ኩሮሳዋ የሩዝ «ሞኝ ቡቃያ» በሽታን ሲያጠና ያገኘውም ይህንኑ ነው፦ አንድ ሻጋታ ጅብሪሊንን ያለ ልክ እየለቀቀ ቡቃያውን አለቅጥ አስረዝሞ ይጥለዋል። አግሮባክቴሪየም የሚባለው የአፈር ባክቴሪያ ደግሞ ሆርሞን የሚያሠራ ዘረ መሉን ተክሉ ውስጥ ጨምሮ ግንዱ ላይ ዕጢ ያበቅላል። ሆርሞን ለትክክለኛው ሥር፣ በትክክለኛው ልክ ሲሆን ይጠቅማል፤ ልኩን ሲያልፍ ራሱ በሽታ ይሆናል።

ትክክለኛው ባክቴሪያ እንኳ ሁልጊዜ አይሠራም። በ1994 እ.ኤ.አ. የ20 ዓመት የማሳ ሙከራዎችን የገመገመ ጽሑፍ አዞስፒሪለም ከ60 እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ሙከራዎች ላይ ከ5 እስከ 30 በመቶ የምርት ጭማሪ እንዳስገኘ ዘግቧል። መልካም ነው። ግን ከአሥር ሙከራ በሦስቱ ወይም በአራቱ አልሠራም ማለትም ነው። ይህን ለገበሬው አስቀድሞ የሚነግር ነጋዴ የታለ? ካልተነገረው ደግሞ አንድ ዓመት ከስሮ ሁለተኛ አይነካውም፤ እውነተኛውም ፓኬት ከሐሰተኛው ጋር አብሮ ይጣላል። የጠርሙስ ነጋዴው የሚሰርቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሳይንሱን ስም ጭምር ነው።

ብራዚል ይህን የዘጋችው በሕግ ነው። እዚያ የሚሸጥ የጥራጥሬ ባክቴሪያ በአንድ ግራም ወይም በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 1 ቢሊዮን ሕያው ሕዋስ መያዝ አለበት፤ የባክቴሪያው ዓይነትም ቀድሞ ተሞክሮ የጸደቀ መሆን አለበት። የብራዚል ገበሬ ፓኬቱን ያመነው ሳይንስ ተምሮ ሳይሆን የሚቆጥርለት ስላለ ነው።

🔹 «120 ሚሊዮን ሕዝብ በባክቴሪያ አይመገብም»

ይህ ከሚነሱት መልሶች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ስለዚህ ሊሸሽ አይገባም። እውነት ነው፣ አይመገብም። የኢትዮጵያ የስንዴና የበቆሎ ምርት ባለፉት ዓመታት ያደገው ያለ ማዳበሪያ አልነበረም። ነገ ጠዋት ጆንያውን ላግድ የሚል ቢመጣ ስሪ ላንካን ያስታውስ። ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ በ2021 እ.ኤ.አ. የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከለከሉ። የሩዝ ምርት ወረደ፤ ሀገሪቱ ሩዝ ከውጭ ወደ መግዛት ገባች። በወራት ውስጥ እገዳው ቢላላም ጉዳቱ ደርሶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሌላውም ኢኮኖሚያዊ ቀውስ ተደራርቦ ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ጥሶ ገባ፣ ፕሬዚዳንቱ ሀገር ጥለው ሸሹ። በምትኩ ከቻይና የታዘዘው የተፈጥሮ ማዳበሪያም ናሙናው ሲመረመር ጎጂ ባክቴሪያ ተገኘበት ተብሎ መርከቡ ሳያራግፍ ውዝግብ ተነሳ። ያለ ምርመራ «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል ማመን የት እንደሚያደርስ ይህ ይበቃል።

ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «ባክቴሪያውን ተዉት» አይደለም። ማንም ጤነኛ ሰው ጆንያው ይቅር አላለም። ክርክሩ ጆንያው ብቻውን አይላክ ነው። ዩሪያ የተጨመረለት በቆሎ ሥሩ ሲበዛ ዩሪያውን ይይዘዋል። ባቄላ በባክቴሪያ ከታሸ ናይትሮጅን አይገዛለትም፤ የተረፈው ጆንያ ለስንዴው ይሄዳል።

ሌላው መልስ «ጎዴ ላይ ፋብሪካ እየተሠራ ነው» የሚለው ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ነሐሴ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የዳንጎቴ ግሩፕ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። ይሳካ፤ የያዩን የማዳበሪያ ፋብሪካ ታሪክ የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ከልቡ ይመኛል። ነገር ግን ዩሪያ ናይትሮጅን ነው። ፎስፈረሱ አሁንም በመርከብ ይመጣል። የኮመጠጠውን አፈር ዩሪያ አያክመውም፣ በኖራ ካልተደገፈ ጭራሽ ያብሰዋል። ርካሽ ዩሪያ ሥር በሌለው ማሳ ላይ ሲፈስ የሚገኘው ርካሽ ብክነት ነው። ፋብሪካው በእርግጥ ከተገነባ ባክቴሪያው የበለጠ ነው የሚያስፈልገው፤ የሚባክነው ያኔ የራስ ጋዝ ይሆናልና።

የአፍሪካ መሪዎችም ሐሳባቸው ተቀይሯል። በ2006 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ የተነጋገሩት በሄክታር 50 ኪሎ ስለመድረስ ነበር። በ2024 ናይሮቢ ላይ ሲሰበሰቡ ከጉባኤው ስም ጀምሮ «ማዳበሪያና የአፈር ጤና» ሆኗል። ወረቀቱ ላይ አፈሩ ስም አግኝቷል። በጀቱ ላይ ገና ነው።

🔹 ምን ይደረግ?

የሚጠየቀው ተአምር አይደለም፤ አራት ነገር ነው።

1️⃣ ፓኬቱ ጆንያው በሚሄድበት መንገድ ይሂድ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄና አኩሪ አተር በሚዘራበት ወረዳ ሁሉ የባክቴሪያ ፓኬት በዩኒየኑ ግዢና በብድሩ ውስጥ ይካተት። ከዘር በፊት ይድረስ፤ ሙቀት በማይነካው ቦታ ይቀመጥ። ለማዳበሪያ ድጎማ ከሚወጣው በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ላይ ለዚህ የሚያስፈልገው ፍርፋሪ ነው።

2️⃣ የሚቆጥር ይኑር። ገበያ ላይ ያለ ማንኛውም ሕያው ማዳበሪያ የባክቴሪያው ዓይነት፣ የሕያው ሕዋሱ ብዛትና የሚያበቃበት ቀን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች የአካባቢው ቋንቋዎች ይጻፍበት። ከሱቅ ናሙና እየተነሳ ይቆጠር፣ ውጤቱ ይታተም። ሐሰተኛው ይዘጋ። ደንብ ወረቀት ላይ መኖሩ አይበቃም፤ የሚቆጥር ላቦራቶሪ፣ የሚዘጋ እጅ ያስፈልጋል።

3️⃣ ለጤፍና ለስንዴ የሚሆነው በሀገሩ አፈር ይፈተን። ለብራዚል ቀይ አፈር የተመረጠ ባክቴሪያ ለጎጃም ኮምጣጣ አፈርና ለበቾ መረሬ ይሠራል ብሎ መገመት ሳይንስ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች መደርደሪያ ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች ከድስት ሙከራ አውጥተው በብዙ ወረዳዎች ለተከታታይ ዓመታት ገበሬው ማሳ ላይ ይሞክሩ፤ ያልሠራበትም ቦታ ሳይደበቅ ይነገር። ለዚህ የሚውል ቋሚ በጀት ይመደብ። ለጋሽ ሲመጣ የሚነቃ፣ ለጋሽ ሲሄድ የሚተኛ ምርምር ጤፍ አያድንም።

4️⃣ ባለሙያው የሚጠየቅበት ይቀየር። ወረዳው «ስንት ኩንታል?» ከሚለው ጎን «ስንት ሄክታር ኖራ አገኘ? የስንት ገበሬ ባቄላ እባጭ አወጣ? ስንት ገለባ ወደ አፈሩ ተመለሰ?» ብሎ ይጠይቅ። የባቄላ እባጭ ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ተክሉ በአበባ ሰዓት በጥንቃቄ ይነቀላል፣ እባጩ በጥፍር ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው እየሠራ ነው። ይህን የስድስተኛ ክፍል ተማሪም ይችለዋል። ሪፖርቱ ላይ ግን ሣጥን የለውም።

እዚህ ላይ ሊነሳ የሚችል አንድ ቅሬታ አለ፦ «ሀገር በጦርነትና በኑሮ ውድነት እየታመሰች ስለ ባክቴሪያ ይወራል?» አዎ፣ ይወራል። የኑሮ ውድነቱ አንዱ ሥሩ እህል ነው፤ የእህሉ አንዱ ሥር ማዳበሪያ ነው፤ የማዳበሪያው ሥር ዶላር ነው። ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ዶላር ሊጠነክር የሚችለው ቀለበት አፈሩ ውስጥ ያለው ነው። ሰላም የሌለበት ወረዳ ጆንያ የጫነ መኪና አይገባም። በኪስ የሚያዝ ፓኬት ግን የመግባት ዕድል አለው።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። የዚህች ሀገር ወርቅ በእጅ እንኳ አልተያዘም፤ እግር ሥር ነው ያለው። በሬው ይረግጠዋል፣ ማረሻው ይገለብጠዋል፣ ጎርፉ ይወስደዋል፤ እሱ ግን ከሥሩ ዳር ተቀምጦ ማንም ሳይከፍለው ይሠራል። ጨረታ አይወጣበትም፣ ሪባን አይቆረጥበትም፣ ፎቶ አይነሳበትም።

መጪው ሰኔ ሲመጣ ዜናው እንደተለመደው ይነበባል፦ ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል ማዳበሪያ ጅቡቲ ደርሷል። በዚያ ቀን ሚኒስትሩን አንድ ጋዜጠኛ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቃቸው ይበቃል፦ «ክቡር ሚኒስትር፣ የደረሰውስ ደረሰ፤ ከዚህ ውስጥ ስንቱን ነው ሥር የሚይዘው?»

መልሱ እስኪገኝ ድረስ አዲስ አበባ ትክክል ናት። ማዳበሪያ ማለት ባዶ ጆንያ ነው።